መጣች፤ አልገባችም

ዓርብ ነበር፤ የደሞዝ ቀን። ሰልፉ እስከ በሩ፤
«እዚህና እዚህ ጋ ፈርሚ» አለኝ ሒሳብ ሹሙ፣ ቀና ሳይል ከብሩ።
ፈረምኩ። ማን ያነባል፣ ከኋላ ሰው እየገፋ፣
እጅ ላይ ቫርኒሽ ደርቆ፣ ብዕሩም እየተፋ።

ሰኞ ማለዳ ስደርስ፣ በሩ ላይ አባ ዲጋ፣
ካፖርቱን እንደደረበ፣ ሰማዩ በቅጡ ሳይነጋ፣
«ዘኪያ፣ እንዳላስገባሽ ታዝዣለሁ» አለኝ፣ ዓይኔን ሸሽቶ፤
ከዚያ እንደ ልማዱ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ
የሆነ ነገር ጻፈ።
ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

በስንብት ክፍያው አሮጌ ባጃጅ የገዛው የቆጪው ጎረቤቴ
«መብት አለሽ» ይለኛል፤ ገብቶ ከቤቴ።
«አራት ዓመት ከሰባት ወር አይደል? አባዢው፤ ሲሶውን ደምሪበት።»
እኔ እያባዛሁ ሳለሁ ሽንኩርቱ ተቀነሰ ከቤት።

የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ፣ ኮሪደሩ ጠባብ፤
የተቀመጥኩበትን አግዳሚ አወቅሁት፤ ከእኛው ነው፣ የእጄ ቅብ፤
ለጨረታ ስንጣደፍ ሁለተኛው ሳይደርቅ ሦስተኛው የተደረበ፣
ይኸው እስከ ዛሬ ድረስ የባለጉዳይ ቀሚስ እየሳበ።

«ስም?»
«ዘኪያ አባ ፊጣ።»
መታወቂያዬን አየች። የፋብሪካ ባጄን አየች።
«በቁቤ፣ እዚህ ላይ የመጨረሻዋ አ አንድ ናት፤ እዚያ ላይ ሁለት፤
የትኛዋ ነሽ?» ምን ልበላት?
እናቴ ስትጠራኝ ረጅም ነበር፣ ያውም ከጅሬን ዳገት፤
አለቃዬ ሲጠራኝ አጭር። ሁለቱም እኔው ነኝ፣ እመቤት።

ቀበሌ ላከችኝ፤ ቀበሌው ወደ ፋብሪካ፤
ፋብሪካው መልሶ ወደ ቀበሌ፤ ባጃጅ ሦስቴ፣ በእግር ሰባቴ፣ ዝናቡም ሲያካካ።
አዌቱ ድልድይ ላይ ቆሜ ሰነዴን በፌስታል ጠቀለልኩ፣
ታናሼን በሕፃንነቱ እንደጠቀለልኩት፤ ሲስቁብኝ ዝም አልኩ።

ተመለስኩ። ስሙ ተስተካክሏል፤ አ ከአ ጋር ታርቃለች፤
ግን ሌላ ወረቀት ከፋብሪካው ቀድማኝ ደርሳለች፦
«በገዛ ፈቃዴ ሥራዬን ለቅቄአለሁ።» ከሥሩ የኔ ፊርማ፤
ብዕሩ የተፋት ጠብታ እንኳ አለች፣ ክብ ሳትሆን ጠማማ።

«አምስት ዓመት ሳይሞላው የለቀቀ አይከፈለውም» አለች፤ ክፋት የላትም፣ ደክሟታል።
«የተባረረ ነው የሚገባው። አንቺ የቱ ነሽ?»
ይኸኛው ጥያቄ ይከብዳል።

በገዛ ፈቃዴ!
ሽንት ቤት እንኳ በአለቃ ፈቃድ ነበር፤ የገዛ ፈቃዴ ከየት መጣች?
ተገላብጬ አደርኩ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ላይ አንዲት ነገር ትዝ አለች፦
የአባ ዲጋ መዝገብ።

እሱ የማይጽፈው የለም፦ የጭነት መኪና ታርጋ፣
የሥራ አስኪያጁን እንግዳ፣ ዝናብ የጣለበትን ሰዓት፣ በሩ ሲከፈት ሲዘጋ።
ገጿን ገልጦ በስልኬ አስነሳኝ፤
«ነገ እኔንም ቢያባርሩኝ፣ ያኔ መስኮቱን አሳዪኝ።»

ከጣውላ ጭነትና ከአንድ የጠፋ ውሻ መካከል፣ በተንጋደደ ጽሕፈት፦
«ሰኞ፣ 12፡20። ዘኪያ መጣች። አልገባችም። ትእዛዝ ነው።»

«የለቀቀ ሰው» አልኳት፣ «ምሳውን ቋጥሮ ሰኞ ማለዳ ይመጣል?»
ስልኩን አቀረበች፣ አራቀች። ማስቲሽ የደረቀበት ጣቷ ገጿን ይነካካል።
«ኮፒ አስደርጊና ሐሙስ ነይ» አለች። «ፍርድ ቤትም ሊያደርስ ይችላል፤ ቃል አልገባልሽም።»
እኔም ቃል አልጠየቅሁም።

ልሄድ ስነሳ አግዳሚው ቀሚሴን ይዞኝ ነበር፤
ቶሎ አልለቀቀኝም።